ርካሽ የሞባይል መስመር ሲመረጥ የሚገዛው ሽፋን የማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በወር 15 ወይም 25 ዶላር ብቻ አስከፍለው ስልክና ኢንተርኔት የሚሰጡ ድርጅቶች ከዓመት ዓመት እየበዙ መጥተዋል። ብዙዎቹ በማስታወቂያቸው ትልልቆቹ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ኔትወርክ እንደሚያቀርቡ ይናገራሉ። ወደ እነሱ ለመዛወር ያሰበ ሰው ግን የሚሰማው ወሬ እርስ በርሱ ይጋጭበታል። አንዱ ወዳጁ «ልዩነቱ እንኳን አልታወቀኝም» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ያንኑ መስመር ይዞ «ቅዳሜ ከሰዓት ስታዲየም ገብቼ አንዲት ፎቶ መላክ አቃተኝ» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ማስታወቂያውም አልዋሸ ይሆናል። ግጭቱ የሚመጣው «ሽፋን» የሚለው አንድ ቃል ሦስት ጥያቄዎችን አጭቆ ስለያዘ ነው፦ ስልኩ የሚያገኘው የማንን ታወር ነው? ታወሩ ሲጨናነቅ ከተሰለፉት ስልኮች መካከል ስንተኛው ላይ ይቆማል? በእጅ ያለው ስልክስ ያ ታወር የሚጠቀምበትን ሞገድ ሁሉ መቀበል ይችላል?

ርካሹ ድርጅት የራሱ ታወር አለው?

ብዙውን ጊዜ የለውም። በመላ አገሪቱ የተዘረጋ ሰፊ ኔትወርክ ያላቸው ድርጅቶች ሦስት ናቸው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። አራተኛው ስፕሪንት እ.ኤ.አ. በ2020 ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋህዷል። በማስታወቂያ የምናያቸው ርካሽ ስሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የእነዚህ የሦስቱ ተከራዮች ወይም እህት ድርጅቶች ናቸው። ተከራዮቹ በሙያው አጠራር «ቨርቹዋል ኦፕሬተር» ይባላሉ። ታወር አይተክሉም፤ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድም አይገዙም። ከባለ ታወሩ ድርጅት ደቂቃና ዳታ በጅምላ ይገዙና በራሳቸው ስም ይቸረችራሉ። ዋጋቸው የሚቀንሰውም በአንድ በኩል የሱቅ፣ የሠራተኛና የታወር ወጪ ስለሌለባቸው ወይም ስለሚያንስባቸው ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሚገዙት የጅምላ አገልግሎት ባለ ታወሩ ለራሱ ደንበኞች ከሚሰጠው በአንዳንድ ነገር ሊያንስ ስለሚችል ነው። ይህ ሁለተኛው ምክንያት በማስታወቂያ ላይ እምብዛም አይነሳም፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ከርካሾቹ ስሞች መካከል ለምሳሌ ቪዝብል የቬራይዘን ንብረት ነው፤ ትራክፎንና በሥሩ ያለው ስትሬት ቶክም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በቬራይዘን እጅ ናቸው። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሜትሮ ደግሞ የቲ-ሞባይል ነው። ሚንት ሞባይል ለዓመታት የቲ-ሞባይል ተከራይ ሆኖ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 በራሱ በቲ-ሞባይል ባለቤትነት ሥር ገብቷል። የኬብል ኢንተርኔት ድርጅቶቹ የሚያቀርቧቸው ኤክስፊኒቲ ሞባይልና ስፔክትረም ሞባይል በቬራይዘን ታወሮች ላይ ይሠራሉ። እንደ ዩኤስ ሞባይል ያሉት ደግሞ ደንበኛው ኔትወርኩን ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ።

ይህን ያወቀ ሰው ሥራው በብዙ ይቀልለታል። ሚንትን ከሜትሮ ጋር በሽፋን ማወዳደር የአንድ ቤት ሁለት በሮችን እንደ ማወዳደር ነው፤ በየትኛውም ቢገቡ የሚያድሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሃያ ስሞችን ከመደርደር በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ከሦስቱ ኔትወርኮች መካከል በምኖርበት፣ በምሠራበትና በምመላለስበት መንገድ ላይ የሚሻለው የትኛው ነው የሚለው ነው። አከራዩ ማን እንደሆነ በድርጅቱ ድረ ገጽ ፊት ላይ ካልተጻፈ በተደጋጋሚ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ገጽ ወይም በውሉ ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል።

በካርታው ላይ ያለው ቀለም ምን ይነግረናል?

የሽፋን ካርታ ፎቶ አይደለም፤ ስሌት ነው። መሐንዲሶች የታወሩን ቁመት፣ የሚያሰራጨውን ኃይል፣ የሞገዱን ዓይነትና የመሬቱን አቀማመጥ ለኮምፒውተር ይሰጣሉ፤ ኮምፒውተሩም ሞገዱ የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ይገምታል። በቀለም የተሞላው ቦታ ያ ግምት ነው። ማንም ሰው በእያንዳንዱ ሰፈር ስልክ ይዞ አልዞረም።

ግምቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍሲሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ለገጠር ኔትወርክ ድጎማ ለመስጠት ድርጅቶች ያስገቡትን የ4ጂ ካርታ በሠራተኞቹ አማካይነት በመኪና እየተዘዋወረ ፈትኖት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ይፋ በሆነው ሪፖርት መሠረት፣ በመንገድ ላይ ከተደረጉት ፍተሻዎች ካርታው ቃል የገባውን ዝቅተኛ ፍጥነት ያገኙት 62.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኮንግረስ በ2020 አዲስ ሕግ አውጥቶ የካርታ አሠራሩ ጥብቅ እንዲሆን አድርጓል፤ ኮሚሽኑም ከኅዳር 2022 ጀምሮ አድራሻ አስገብቶ የሁሉንም ድርጅቶች ሽፋን ጎን ለጎን ማየት የሚቻልበትን ብሔራዊ የብሮድባንድ ካርታ ከፍቷል። ለንጽጽር ከየድርጅቱ ካርታ ይልቅ ይህ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ዓይነት መለኪያ ተሰፍረው የሚቀርቡበት እሱ ነው። አንዱ ድርጅት ሐምራዊ፣ ሌላው ቀይ የቀባበትን ሁለት የማስታወቂያ ካርታ ማስተያየት ግን ሁለት ሚዛን ላይ የተመዘነ እህልን እንደ ማስተያየት ነው።

ይህም ካርታ ቢሆን በጥንቃቄ ይነበባል። «4ጂ አለ» ሲል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ለማውረድና 1 ሜጋቢት ለመላክ የሚበቃ ምልክት ይደርሳል ማለቱ ነው፤ ለ5ጂ ደግሞ አንዱ መለኪያ 7 እና 1፣ ሌላው 35 እና 3 ሜጋቢት ነው። የሚሰላውም ከቤት ውጭ ለቆመ ሰው፣ ወይም በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ላለ ሰው ነው። ሳሎንዎ፣ ምድር ቤትዎና የቢሮዎ አሳንሰር ስሌቱ ውስጥ የሉም። በተጨማሪም የስሌቱ ደንብ ታወሩ ቢያንስ ግማሽ ያህል ሥራ እንደ ያዘ አድርጎ እንዲገመት ያዛል፤ ጨዋታ ሲያልቅ ከስታዲየም የሚወጣው ሕዝብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ሲያወጣ ምን እንደሚሆን ካርታው አይነግረንም።

ተከራይ ድርጅት ሲመረጥ ሌላም ነገር አለ፤ ሮሚንግ። ባለ ታወሩ ድርጅት ታወር በሌለው ገጠር የሌላ ድርጅት ታወር በውል ይዋሳል፤ በካርታውም ላይ ያንን ሽፋን ሊያካትተው ይችላል። ተከራዩ የተዋዋለው ግን ከአከራዩ ጋር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኔትወርኩ ባለቤት ካርታ ላይ በቀለም የተሞላ ሸለቆ በተከራዩ ካርታ ላይ ነጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ረጅም መንገድ ለሚነዱ ሰዎች ይህ ልዩነት ከወር ክፍያው ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል፤ የሚታየውም የራሱ የተከራዩ ካርታ መሆን አለበት።

ከውጭ ያለው ምልክት ለምን ቤት ሲገቡ ይጠፋል?

ጎረቤት ሠርግ ሲኖር ከሩቅ የሚሰማን የከበሮው ድምፅ ነው፤ የዘፋኙ ግጥምና የክራሩ ቅጥነት ግን በግድግዳው ላይ ይቀራል። የሬዲዮ ሞገድም በዚህ ረገድ ከድምፅ ጋር ይመሳሰላል። ዝቅተኛ ሞገዶች፣ ማለትም ከ600 እስከ 850 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት፣ ሩቅ ይጓዛሉ፤ ግድግዳም ይሻገራሉ፤ የሚሸከሙት ዳታ ግን የተወሰነ ነው። ከ2.5 እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያሉት መካከለኛ ሞገዶች ብዙ ዳታ ይሸከማሉ፤ ርቀታቸው ግን ያጥራል። ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉት እጅግ ፈጣን ቢሆኑም የመንገድ ጥግ የሚሸፍኑ ናቸው፤ መስታወት፣ የዛፍ ቅጠል፣ የራሳችን እጅ እንኳ ይጋርዳቸዋል።

ስለዚህ በስልኩ አናት ላይ የሚታየው «5ጂ» የሚል ምልክት ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንድ ሰው በ600 ሜጋኸርዝ ላይ ሩቅ ካለ ታወር የሚያገኘው 5ጂ ሌላው ከበላዩ ካለ አንቴና ከሚያገኘው 4ጂ ሊዘገይ ይችላል።

ታወሩ አንድ ከሆነ ለምን የአንዱ ስልክ ይፈጥናል?

ብዙዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። ታወር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ዳታ መጠን አለው። ባዶ ሲሆን ሁሉም የጠየቀውን ያገኛል፤ ሲጨናነቅ ግን ማን እንደሚቀድም መወሰን አለበት። ለዚህም በ4ጂ ኔትወርክ ውስጥ እያንዳንዱ የዳታ ፍሰት የደረጃ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በባለሙያዎች አጠራር ኪውሲአይ ይባላል። የስልክ ጥሪ ድምፅ 1 ቁጥር ተሰጥቶት ለብቻው ሲስተናገድ፣ የተለመደው የኢንተርኔት ዳታ ከ6 እስከ 9 ባሉት ውስጥ ይመደባል፤ ከእነዚህ መካከል ቁጥሩ ያነሰው ቅድሚያ ያገኛል። የባለ ታወሩ ውድ ፓኬጅ ፊት ሲሰለፍ፣ ብዙ ርካሽ ፓኬጆች ወደ 9 ተጠግተው ኋላ ይሰለፋሉ።

በባንክ ቤት ሁለት ሰልፍ አለ እንበል። ጠዋት ሦስት ሰው ብቻ ሲኖር የትኛው ሰልፍ ላይ እንደቆሙ ልዩነት የለውም፤ ሁሉም በደቂቃ ውስጥ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። የደመወዝ ቀን ከሰዓት ግን የመጀመሪያው ሰልፍ ሲጠራ ሁለተኛው ቆሞ ይጠብቃል። በሁለቱ ወዳጆች ወሬ መካከል ያለው ተቃርኖ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ «ልዩነቱ አልታወቀኝም» ያለው ምናልባት ብዙ ሕዝብ በማይጠቀምበት ታወር ሥር ይኖር ይሆናል፤ ሁለተኛው ስታዲየም ውስጥ ነበር።

የዚህ ችግር አስቸጋሪ ጠባይ በስልኩ አናት ላይ ያሉት የምልክት መስመሮች ሙሉ ሆነው መታየታቸው ነው። መስመሮቹ የሚለኩት ታወሩ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፤ ወረፋው ምን ያህል እንደረዘመ አይለኩም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ፣ ጥሪ ሳይቆራረጥ እየሠራ፣ ኢንተርኔቱ ብቻ ከቆመ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ወረፋ ነው። ጥሪውም የሚቋረጥ፣ አጭር የጽሑፍ መልእክትም የማይሄድ ከሆነ ችግሩ የሽፋን ነው። መፍትሔያቸው ይለያያል፦ ለመጀመሪያው በዚያው ኔትወርክ ላይ ከፍ ያለ ቅድሚያ ያለው ፓኬጅ መፈለግ ሊበቃ ይችላል፤ ለሁለተኛው ኔትወርኩን መቀየር ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ ከአንዱ ተከራይ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዴም ሳያውቁት እዚያው ታወር ሥር ይመለሳሉ።

ከቅድሚያ ጋር የሚምታቱ ሁለት ሌሎች ገደቦች አሉ። አንደኛው የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ድርጅቱ ታወሩ ባዶ ቢሆንም እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይሰጥም፤ ቪዲዮን በዲቪዲ ጥራት፣ ማለትም በ480 መስመር መገደብ ለዚህ የተለመደ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው የመጠን ገደብ ነው፤ በወሩ ውስጥ የተወሰነ ጊጋባይት ካለቀ በኋላ ፍጥነቱ እጅግ ይወርዳል፣ ወይም ስልኩ ከሰልፉ መጨረሻ ይላካል። በውሉ ላይ «ያልተገደበ» ተብሎ የተጻፈ ፓኬጅ ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚፈለገው «መጨናነቅ ሲኖር ዳታዎ ከሌሎች ሊዘገይ ይችላል» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ጊጋባይት ጀምሮ ነው ወይስ ከስንት በኋላ የሚለው በዚያው ይገኛል።

የያዙት ስልክ ይበቃል?

ሁሉም ስልክ ሁሉንም ሞገድ አይቀበልም። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ስልክ፣ ለምሳሌ ዘመድ ከውጭ ያመጣው፣ ቲ-ሞባይል ገጠሩን የሚሸፍንበትን የ600 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይቀበል ይችላል። ካርታው አልተሳሳተም፤ ስልኩ ግን በዚያ ሸለቆ ውስጥ ደንቆሮ ነው። በተጨማሪም ሦስቱም ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2022 3ጂን ስለዘጉ ጥሪን በ4ጂ ላይ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ ኢንተርኔት ቢሠራለትም መደወል ላይችል ይችላል። ኤቲ ኤንድ ቲ ከዚያ ወዲህ በኔትወርኩ ላይ የሚፈቅዳቸውን ስልኮች በዝርዝር ያወጣ ሲሆን፣ በእሱ ታወር የሚሠሩ ተከራዮች ደንበኞችንም ይህ ይመለከታቸዋል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። በስልኩ ላይ *#06# ሲጫን አሥራ አምስት አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ብዙ ድርጅቶች ቁጥሩን በድረ ገጻቸው ሲያስገቡት ስልኩ በኔትወርካቸው ይሠራ እንደሆነ ይነግራሉ። በወር ክፍያ የተገዛና ዕዳው ያላለቀ ስልክ በሸጠው ድርጅት መስመር ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ።

ሳይዛወሩ መሞከር ይቻላል?

ይቻላል፤ ከየትኛውም ካርታ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የቅርብ ጊዜ ስልኮች ኢሲም የሚባል በውስጣቸው የተሠራ ሲም ስላላቸው የቀድሞውን መስመር ሳያወልቁ ሁለተኛ መስመር በሶፍትዌር ብቻ መጨመር ይቻላል። አንዳንድ ድርጅቶች ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በነፃ ያስሞክራሉ፤ ካልሆነም የአንድ ወር ትንሿን ፓኬጅ መግዛት ለዓመት ከመፈረም ይረክሳል። የዓመት ቅድመ ክፍያ የሚያስገኘው ቅናሽ የሚያጓጓ ቢሆንም ከሙከራው በኋላ እንጂ በፊት የሚወሰድ አይደለም።

ሙከራው ከመስመሮቹ ይልቅ በቁጥር ቢደረግ ይመረጣል። በአይፎን *3001#12345#* ተደውሎ የሚከፈተው የፍተሻ ገጽ፣ በአንድሮይድ ደግሞ በብዙ ስልኮች ስለ ስልኩ በሚለው ክፍል ሥር ያለው የሲም ሁኔታ ገጽ የምልክቱን ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ 85 ከዜሮ በታች ጥሩ ነው፤ 100 አካባቢ መካከለኛ፣ 110 ደካማ፣ 120 ሲደርስ ስልኩ ሊያጣው ተቃርቧል። በየአሥሩ የሚወርደው ቁጥር የምልክቱ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ መውረዱን ያሳያል። ሳሎን መስኮት አጠገብ 90 ያሳየው ስልክ የልብስ ማጠቢያው ወዳለበት ምድር ቤት ሲወርድ 110 ካሳየ ምልክቱ በሃያ ደረጃ መውረዱ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ ወደ መቶኛ ክፍል ወርዷል። ስልኩ አናት ላይ ግን ይህ ሁሉ የሁለት መስመር መቀነስ ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሲሞከር ዋይፋይ መጥፋት አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ የቤቱን ኢንተርኔት ፍጥነት ለክቶ ይደሰታል። የሚሞከርባቸውም ሰዓታት ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ማለዳ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከሥራ የሚመለስበት ምሽት። የማለዳው ቁጥር ታወሩን፣ የምሽቱ ሰልፉን ያሳያል።

ቤት ውስጥ ያለው ምልክት ደካማ ሆኖ ሌላው ሁሉ የሚስማማ ከሆነ ጥሪን በዋይፋይ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ተከራዩ ይህን የሚፈቅድ መሆኑ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ። በዚህ መንገድ ወደ 911፣ ማለትም ወደ አሜሪካ የአደጋ ጊዜ ቁጥር፣ ሲደወል ተቀባዩ የሚያየው በቅንብሩ ውስጥ የተመዘገበውን አድራሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን እዚያም መቀየር አለበት። በታወር በኩል ለሚደረግ የ911 ጥሪ ግን ርካሽና ውድ የለም፤ በሕጉ መሠረት የትኛውም ኔትወርክ ጥሪው የማን ደንበኛ እንደሆነ ሳይጠይቅ ማስተላለፍ ይኖርበታል።

ለመዛወር ሲወሰን የድሮው መስመር በቅድሚያ አይዘጋም። የተዘጋ መስመር ቁጥሩ ከእጅ ሊወጣ ይችላል። ከቀድሞው ድርጅት የሂሳብ ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን ይወሰዳል፤ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ቀሪውን ሁለቱ ድርጅቶች ይጨርሱታል። የአንድ መስመር ቀላል ዝውውር በኤፍሲሲ ደንብ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መጠናቀቅ ያለበት ሲሆን፣ ቁጥሩ አዲሱ ጋር ሲደርስ የድሮው መስመር በራሱ ይዘጋል።